አምስት ደቂቃ ይጥበቅ

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩሽ እኮ! ግራና ቀኝሽን ሳታውቂ ነው ዘጠነኛ ክፍል የደረስሽው?»

አዲሳለም ግራና ቀኟን አሳምራ ታውቃለች። ከላንድሮቨሩ ሆድ ሥር ጆንያ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ መፍቻውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ ግራ እየታገለች ነው። ብሎኑ ግን ንቅንቅ የለም። ከአባቷ ከአቶ ዓምሃ የሚታያት ጫማቸው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የተቆጣ ጫማ ነው፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል።

«አባባ፣ እምቢ አለኝ!»

«እምቢ የሚለው ሰው ነው። ብረት ምን አፍ አለው? ውጪልኝ ከዚያ!»

ወጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቀጭን ስለሆነች ሁልጊዜ ከመኪናው ሥር የምትገባው እሷ ናት። ያም ሆኖ አቶ ዓምሃ «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ» የሚለውን ነገር ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ብለውታል። አዲሳለም ቆጥራለች።

ሥራው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። የዘይት ፊልትሮው የሚቀመጥበት ቤት የትልቅ ጣሳ ያህል ብረት ነው፤ ከሞተሩ ጎን ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሥሩ በአንድ ረጅም ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ሲፈታ ቤቱ ይወርዳል፣ አሮጌው ፊልትሮ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ በቃ። እነሱ ግን ከሦስት ሰዓት ጀምረው ይኸው አምስት ሰዓት ሞላ። ጥቁሩ ዘይት ተንጠፍጥፎ ሳፋው ውስጥ ቀዝቅዟል፤ የፊልትሮው ቤት ግን ሥር እንደ ሰደደ ባሕር ዛፍ ቆሟል።

የባሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ጊዜው 1977 ዓ.ም.፣ ድርቁ የበረታበት ዓመት ነበርና ቀበሌው በሰፈሩ ያሉትን መኪኖች በሙሉ ለተጎጂዎች እህል እንዲያመላልሱ መድቧል። የአቶ ዓምሃ ተራ ነገ እሑድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ተራው ደርሶ ያልቀረበ መኪና የቤንዚን ኩፖኑ ይያዛል። ባለቤቱም «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ «ለምን?» ተብሎ ከመጠየቅ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ እየተመላለሰ ቤቱን የሚያበላውም ይኸው ላንድሮቨር ብቻ ነው።

አቶ ዓምሃ የታመመ ወገባቸውን እየረገሙ ራሳቸው ገቡ። መዶሻ አምጪ አሉ፣ መሮ አምጪ አሉ። ጓ! ጓ! የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። በመጨረሻ መፍቻው ሾለከና እጃቸው ከብረቱ ጋር ተላተመ። ሲወጡ ሁለት ጣታቸው ይደማል፤ የብሎኑም ራስ ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ይሄ የቶሎሳ ሥራ ነው» አሉ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ። «ሆን ብሎ ነው።»

ቶሎሳ ጉታ ከእነሱ ቤት ሁለት አጥር አልፎ የሚኖሩ መካኒክ ናቸው። ከሦስት ወር በፊት፣ አቶ ዓምሃ ወገባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ፣ ዘይቱን የቀየሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር። ቶሎሳ ላንድሮቨሩን ልግዛው ብለው ጠይቀው፣ አቶ ዓምሃ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «አንተ የሰው መኪና ጠግን እንጂ መኪና መንዳት ምን ያደርግልሃል?» ብለው መልሰውላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው።

«አባባ፣ ምናልባት ዝጎ ይሆናል» አለች አዲሳለም ቀስ ብላ።

«በሦስት ወር ነው የሚዝገው? አንቺ ዝም በይ! መኪናዬን ቢመኝ ቢመኝ አላገኘውም፤ እንግዲያው ሰብሬ ልተውለት ብሎ ነው። አሻጥር ነው ይሄ! አሻጥር!»

ለዛሬ ልጆች ቃሉ ምንም አይመስላቸው ይሆናል። ያኔ ግን ሬዲዮው ጠዋትና ማታ የሚያወግዘው አሻጥረኛን ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲናደድ ብዙ ስድብ አለለት፤ ይህችን ቃል ግን ብልህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አይላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አፋፉ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

ከቆርቆሮው አጥር በላይ አንድ ባርኔጣ ብቅ አለ። የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ መዝገቡ ነው። ገና ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጠመንጃ ከትከሻው፣ ደብተር ከኪሱ አይለየውም።

«ምን አሉ አቶ ዓምሃ? አሻጥር?»

የአቶ ዓምሃ ፊት አመድ መሰለ። «በንዴት ያልኩት ነው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አዲሳለም ይሉታል ብላ አፍ አፋቸውን አየች። እሳቸው ግን አንዴ መኪናውን፣ አንዴ ጠመንጃውን አዩና ጨርቅ የተጠቀለለ ጣታቸውን ወደ መኪናው ቀሰሩ።

«እ... ማለቴ... ይኸው ጓድ መዝገቡ፣ ራስዎ ይመልከቱት። ነገ ተራዬ ነው፤ እኔ ዝግጁ ነኝ። ቶሎሳ ነው እንዳይፈታ አድርጎ ያሰረብኝ።»

«ለእናት አገር ጥሪ የተመደበ መኪና መሆኑን እያወቀ!» አለ መዝገቡ።

ቶሎሳ ብሎኑን ያሰሩት ከሦስት ወር በፊት፣ መኪናው ነገ እንደሚፈለግ ማንም ባላወቀበት ጊዜ ነው። ይህን ግን መዝገቡ አልጠየቀም፣ አቶ ዓምሃም አልነገሩትም። መዝገቡ እርሳሱን በምላሱ አርሶ ጻፈ። «እናጣራዋለን» ብሎ ሄደ።

አዲሳለም የያዘችው ካቻቢቴ ከእጇ ወደቀ። ቶሎሳ ምንም እንዳላደረጉ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ብሎኑን ያጠበቀችው ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ጋሽ ቶሎሳ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው፣ አዲስ ፊልትሮ ገጥመው፣ ብሎኑን በልክ አስረው፣ አዲሱን ዘይት ሊጨምሩ ሲሉ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ስብሰባ! ከስብሰባ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተነሱ፤ አዲሳለም ከትምህርት ቤት ስላልተመለሰች ከሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፈውላት ሄዱ፦

«አዲስ ዘይት ይሞላ። ፊልትሮው አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ካልፈሰሰ ይነዳ።»

ጋሽ ቶሎሳ መጻፍ ከጀመሩ ገና ዓመት ከመንፈቃቸው ነው። ያስተማረቻቸው ደግሞ ማን መሰላችሁ? አዲሳለም! በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌው አዳራሽ ለስድስት ወር ፊደል ስታስቆጥር፣ ከአባቷ የሚበልጡ ሰዎች «መምህርት» እያሉ ሲነሱላት፣ ቀይ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አታወርድም ነበር። ጋሽ ቶሎሳ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ ጎበዝ ነበሩ፣ ብቻ ጠ እና ጥ እየተምታታባቸው ብዙ ደክመዋል። እሷም ብዙ ቀይ አፍስሳባቸዋለች።

ስለዚህ ካርቶኑን ስታነብ ፈገግ አለች። «አይ ጋሽ ቶሎሳ! ዛሬም ጠ እና ጥን አልለዩም!» ብሎን ይጠበቃል እንዴ፣ ከብት ነው? ቀይ እርሳሷን ከቦርሳዋ አወጣችና በ«ጠ» ላይ ጥ አድርጋ ደገመችበት። ፊልትሮው አምስት ደቂቃ ይጥበቅ። ከዚያ ያረመችውን ፈጸመች። ዘይቱን ሞላች፣ በመፍቻው ጭራ ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰካች፣ የአባቷን የእጅ ሰዓት መሬት ላይ አስቀምጣ እያየች ብሎኑን አምስት ደቂቃ ሙሉ አጠበቀችው። እናንተ! አምስት ደቂቃ! አንድ ጠብታ አልፈሰሰም፤ እሷም ኮራች። ካርቶኑንም አንድ ቀን አሳይቼ እስቅባቸዋለሁ ብላ ጂኦግራፊ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው።

ዛሬ ከመኪናው ሥር ተኝታ ስትታገል ነው የገባት። ብሎን ለማጥበቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ቁጭ ብሎ ዘይቱ ይፈስ እንደሆነ መጠበቅ ነው። ያቺ «ጠ» ልክ ነበረች።

ሰባት ሰዓት ላይ መዝገቡ ጋሽ ቶሎሳን ከፊቱ እየነዳ ይዟቸው መጣ። የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ ናቸው።

«ይህን ብሎን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ቆይ ልየው።» ከመኪናው ሥር ገብተው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወጡም። «እኔ እንዲህ አላሰርኩትም። ይሄ በቧንቧ ነው የተጠበቀው። እኔ ቧንቧ አልጠቀምም።»

«ታዲያ ማን አሰረው? ጋኔን ነው?» አሉ አቶ ዓምሃ።

«እኔ ስሄድ ምን እንደሚደረግ ጽፌ ነው የሄድኩት።»

«አንተ? ጽፈህ?» አቶ ዓምሃ ሳቁ። የሚያስጠላ ሳቅ ነበር፤ አዲሳለም በአባቷ አፈረች።

ጋሽ ቶሎሳ ወደ አዲሳለም ዞሩ። «መምህርት፣ ወረቀቱን አግኝተሻል አይደል?»

ሁሉም አዩዋት። አባቷ አዩዋት፣ መዝገቡ አያት፣ የጠመንጃው አፈሙዝ እንኳ የሚያያት መሰላት።

«አላየሁም» አለች።

ጋሽ ቶሎሳ ጥርሳቸውን ነከሱ። «እሺ» አሉ። «እሺ፣ መምህርት።» ከዚያ ለአቶ ዓምሃ ሳያዩዋቸው ተናገሩ። «መዶሻውን ተው፣ ቤቱ ይሰነጠቃል። የፈላ ውሃ አፍስስበትና ሳይበርድ ጥርስ ባለው የቧንቧ መፍቻ ያዘው።»

«ምክርህን ለቀበሌው ንገር!»

መዝገቡ ይዟቸው ሄደ።

እንግዲህ አቶ ዓምሃ ዳግመኛ መዶሻቸውን አነሱ። የአዲሳለም እናት ወይዘሮ ወለተማርያም ግን ሳትጠራ የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከማድቤት ወጣች። «ምክሩ የቶሎሳ ቢሆንም ውሃው የኛ ነው» አለች፣ አፈሰሰችም። በሦስተኛው ማንቆርቆሪያ አዲሳለም የቧንቧውን መፍቻ አስነክሳ ሳበች። ብሎኑ ቋ አለ። ደግማ ስትስበው ዞረ። የቀረው ዘይት እጅጌዋ ላይ ተደፋ፣ የፊልትሮው ቤት ወረደ፣ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት እንደ ወረቀት ተጨፍልቆ ወጣ።

ማንም አልተደሰተም።

«አባባ፣ ተፈታ እኮ። ሄደው ይንገሯቸው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«በንዴት ነው የተናገርኩት ብለው...»

«ቃሌን ልብላ? ጠዋት አሻጥር ብዬ ከሰዓት በኋላ አይደለም ካልኩ ቀጥሎ የሚያዘው ማነው? የሐሰት ጠቋሚ ብለው እኔኑ ነው! ሁለት ሦስት ቀን ቢያሳድሩት አይሞትም። አዲሱን ፊልትሮ አቀብይኝ!»

እናቷ የአዲሳለምን ፊት አየችና የሆነ ነገር የገባት መሰለ። «አንቺም አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻት በሹክሹክታ። «ዝም አይነቅዝም።»

አዲሳለም ዝም አለች። ዝምታው ግን ነቀዘባት። አሮጌውን ዘይት በቆርቆሮ ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ የጋሽ ቶሎሳ ባለቤት ደሳለች በዚያ ስታልፍ አገኘቻት፤ በአንድ እጇ ምሳ ዕቃ፣ በብብቷ ብርድ ልብስ ይዛለች።

«እትዬ ደሳለች...»

«ስሜን አትጥሪ!» ደሳለች ቆመች። «መምህርት እንዲህ አለች፣ መምህርት እንዲያ አለች እያለ ቤት ውስጥ አሰልችቶን ነበር። ይኸው መምህርት! ብርድ ልብስ አምጪ ብለውኛል። ብርድ ልብስ አምጪ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አዲሳለም ታውቃለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሲመሽ የሚለቁትን ሰው ብርድ ልብስ አያስፈልገውም።

ደሳለች ምራቋን ጢቅ አድርጋ ሄደች። አዲሳለም ዘይቱን እዚያው አስቀምጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ካርቶኑ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ አለ። ማድቤት የእናቷ እሳት ገና አልጠፋም፤ አንድ ውርወራ ብቻ ነው። ቆማ እሳቱን አየችው። አባቷ ቢሰሙ በቀበቶ እንደሚሏት ታውቃለች፤ መዝገቡ ምን እንደሚላት ግን አታውቅም፤ የፈራችውም ያንን ነው። ካርቶኑን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ ወጣች።

እናቷ በሩ ላይ አገኘቻት። የት ነው አላለቻትም። «ፊትሽን እንኳ ታጠቢ፣ ዘይት ብቻ ነሽ» አለች። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችላት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከጳውሎስ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። መዝገቡ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጋሽ ቶሎሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው፤ ቀበቷቸውን አስፈትተዋቸዋል። ስትገባ ቀና አሉ፣ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

«ወረቀቱን አምጥቻለሁ» አለች አዲሳለም።

«አላየሁም ያልሽውን?»

«ዋሽቼ ነው።»

መዝገቡ ካርቶኑን ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ፊልትሮው አምስት ደቂቃ... ይጥበቅ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠፈጠፈው። «ይኸው! በገዛ እጁ! አምስት ደቂቃ ይጥበቅ ብሎ አዟል! ማስረጃ ነው ያመጣሽልን። ጎበዝ ልጅ!»

«እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ከወንበሩ እየተነሱ።

«ተቀመጥ አንተ!»

አዲሳለም ደነገጠች። ይህን አላሰበችውም ነበር። ጎበዝ ልጅ ተብላለች፤ በሩ ክፍት ነው፤ ዝም ብላ ብትወጣ ከእንግዲህ ማንም እሷን አይጠይቅም። ያዘዙት እሳቸው፣ የታዘዘችው እሷ! ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ቀዩ የእኔ ነው» አለች።

«ምን?»

«ከቀዩ ሥር ይመልከቱት፣ እርሳሱ ጠ ነው። እሳቸው የጻፉት ይጠበቅ ነው። ዘይቱ ይፈስ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ ማለታቸው ነው። እኔ የተሳሳቱ መስሎኝ አረምኩት። ብሎኑንም በቧንቧ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አባባ አያውቁም፣ ማንም አያውቅም።»

መዝገቡ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ቀዩን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ብዙ ቆየ፤ ለእሱም ቢሆን ጠ እና ጥ ቀላል አልነበሩም መሰል።

«እንግዲያው አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ በይኛ» አለ። እየቀለደ ይሁን አይሁን አልታወቀም። «አባትሽ ይጠራል። መኪናው ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ካልቆመ ደግሞ ያኔ እንተያያለን!» ወደ አግዳሚው ዞረ። «አንተ፣ ቀበቶህን ውሰድና ሂድ።»

ጋሽ ቶሎሳ ቀበቷቸውን አንስተው ታጠቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ካርቶን ጎንበስ ብለው፣ አዳራሹ ውስጥ ሲማሩ እንደሚያደርጉት፣ ቃሉን በጣታቸው ፊደል በፊደል ተከተሉት። ጣታቸው «ጠ» ላይ ቆመ።

«ስድስት ወር ሙሉ ተሳስተዋል ስትይኝ እሺ ብዬ አጠፋሁ» አሉ። «አንድ ቀን ልክ ብሆን አላወቅሽልኝም።»

መልሷን ሳይጠብቁ ወጥተው ሄዱ፣ በሩንም ከኋላቸው አልዘጉትም።

መዝገቡ አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ወደ እሷ ገፋ። «ቃልሽን ጻፊ። ማን እንዳጠበቀው፣ ለምን እንዳጠበቀው። አባትሽ መጥቶ ይፈርምበታል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ስሟን ጻፈች፣ የአባቷን ስም ጻፈች። ስለ ብሎኑ ልትጀምር አለችና ተወችው። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት እሱ አልመሰላትም። እርሳሱን አጥብቃ ያዘችና ጻፈች፦

«ጋሽ ቶሎሳ የጻፉት ልክ ነበር።»